ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው? የበረራ ርቀትና ሰዓት አሰላል ከትኬት ቢሮ ወንበር

ትኬት ቢሮ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ከዋጋ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ይኼ ነው፦ «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ደንበኛው አንድ ቁጥር ነው የሚጠብቀው። እኔ ግን መልሼ እጠይቃለሁ። አየር ላይ የሚቆዩትን ነው? ትኬቱ ላይ ያለውን ነው? ወይስ ከቤትዎ ወጥተው ልጅዎ ሳሎን እስኪቀመጡ ያለውን? ሦስቱ አንድ አይደሉም። በዋሽንግተን መስመር ላይ በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ሊገባ ይችላል።

ስለዚህ ስልክና ካልኩሌተር የያዘ ማንም ሰው የሁለት ከተሞችን ርቀትና የበረራ ሰዓት እንዴት እንደሚያሰላ ልጻፍ። ዋናው ምሳሌዬ አዲስ አበባ–ዋሽንግተን ነው። እዚያ መስመር ላይ የሌለ ጣጣ የለም። እሱን ማስላት የቻለ ዱባይንም ቴል አቪቭንም ፍራንክፈርትንም በቀላሉ ያሰላል።

ርቀቱን ማግኘት

መጀመሪያ የመኪናውን ኪሎ ሜትር እርሱት። ባሕር ዳር በመኪና 565 ኪሎ ሜትር ነው ሲባል ሰምታችኋል። ይኼ በጎሃ ጽዮን አድርጎ፣ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ ደጀን ላይ ወጥቶ፣ ጎጃምን አቋርጦ ነው። አውሮፕላን ገደል አይወርድም። በአየር ከቦሌ ባሕር ዳር 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በተራራማ አገር የመኪናውን ርቀት ይዞ የበረራ ሰዓት የሚያሰላ ሰው ሁሌም አብዝቶ ነው የሚገምተው።

የአየሩን ርቀት ለማግኘት ጉግል ማፕ ይበቃል። በስልክ ከሆነ መነሻው ኤርፖርት ላይ ጣታችሁን ተጭናችሁ ቆዩ። ቀይ ምልክት ሲመጣ ከታች ያለውን ወደ ላይ ሳቡና ርቀት መለኪያውን ንኩ። ከዚያ ካርታውን እየጎተታችሁ መድረሻው ኤርፖርት ላይ አድርሱት። በኮምፒውተር ደግሞ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ መጫን ነው። ይኼ አሰልቺ ከሆነባችሁ «ግሬት ሰርክል ማፐር» የሚባል ድረ ገጽ አለ። የሁለቱን ኤርፖርቶች ባለ ሦስት ፊደል መለያ ስታስገቡለት ርቀቱንም መስመሩንም ያወጣል። የቦሌ መለያ ኤ-ዲ-ዲ ነው። በዋሽንግተን በኩል የምትፈልጉት ደለስ ኤርፖርት ስለሆነ አይ-ኤ-ዲ ብላችሁ ጻፉ። የቴክሳሱን ዳላስ እንዳታስገቡ፤ እሱ ሌላ ከተማ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ሌሎች ሁለት ኤርፖርቶችም ስላሉ መለያውን ከትኬቱ ላይ አይታችሁ ጻፉ።

ውጤቱ ወደ 11,560 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ኢንተርኔት ከሌለስ? አንድ ነገር ብቻ በቃል ያዙ፦ በካርታ ላይ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ነው። ለዚህ ከአሥመራ የተሻለ ምሳሌ የለም። ቦሌ 9 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ አሥመራ 15.3 አካባቢ። በምሥራቅ–ምዕራብ ደግሞ ልዩነት የላቸውም ማለት ይቻላል። ልዩነቱ 6.3 ነው፣ በ111 ሲባዛ 700 ኪሎ ሜትር። በጄት አንድ ሰዓት ጥቂት ሲደመርበት ነው። እንግዲህ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ጦርነት ጊዜ ጀምሮ ከ1998 እስከ 2018 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ድረስ ይቺን አንድ ሰዓት መብረር አይቻልም ነበር። ሰው በካይሮ ወይም በዱባይ ዞሮ ነበር የሚሄደው። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በረራው ሲከፈት አውሮፕላኑ ውስጥ ሲለቀስ ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል። በ2024 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ እንደገና ቆመ። ርቀትን ካርታ ይናገራል፣ የጉዞውን ሰዓት የሚወስነው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ነው።

ዋሽንግተንን በዚህ የ111 ብልሃት ለማስላት አትሞክሩ። ብልሃቱ ለቅርብና ለሰሜን–ደቡብ መንገድ ነው። ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ሲሆን ዲግሪው ከምድር ወገብ በራቀ ቁጥር እየጠበበ ይሄዳል።

ካርታው ላይ ያለው ቀጥታ መስመር ቀጥታ አይደለም

ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካርታ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በማስመሪያ ብታሰምሩ መስመሩ በቻድ፣ በኒጀርና በማሊ በኩል አልፎ አትላንቲክ ይገባል። አጭሩ መንገድ ግን እሱ አይደለም። ምድር ክብ ናት። ኳስ ላይ ክር ወጥራችሁ ብታዩት ክሩ ወደ ሰሜን ይጎብጣል። ከቦሌ የሚነሳው አጭር መስመር ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው የሚያመራው፦ ሱዳን፣ ሊቢያ፣ አልጄሪያ፣ ስፔን፣ ከዚያ አትላንቲክ። ለዚህ ነው የመጀመሪያ ጊዜ ተጓዦች ከፊታቸው ያለውን ስክሪን አይተው «ለምን በአውሮፓ በኩል ያዞረናል?» የሚሉት። አልዞረም፣ አቋራጩ ነው።

እርግጥ ነው፣ አውሮፕላን በአቋራጩ ልክ አይበርም። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሲነሳ የአየር ክልሉ ተዘጋና ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚሄዱ በረራዎች ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረባቸው። ወደ ገልፍ ስትሄዱም የመንን የሚሸሹ ብዙ ናቸው። ስለዚህ በረጅም ጉዞ ካገኛችሁት ርቀት ላይ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ብትጨምሩ አትሳሳቱም።

ከርቀት ወደ ሰዓት

የእኔ ቀመር ይኼ ነው፦ ኪሎ ሜትሩን ለ850 አካፍሉ፣ ግማሽ ሰዓት ጨምሩበት። ትልልቆቹ ጄቶች ከፍታቸው ላይ ከወጡ በኋላ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበርራሉ። ግን መውጣትም መውረድም አለ፤ በዚያን ጊዜ ፍጥነታቸው ያነሰ ነው።

እንሞክረው። ፍራንክፈርት 5,350 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለ850 ሲካፈል 6 ሰዓት ከ18 ደቂቃ፣ ግማሽ ሰዓት ሲጨመር 6:48። ትኬቱ ላይ 7 ሰዓት ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ታገኛላችሁ። ዱባይ 2,520፣ ቴል አቪቭ ደግሞ 2,590 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለቱም በቀመሩ ሦስት ሰዓት ተኩል ይመጣሉ፣ ትኬቱ ላይ ወደ አራት ሰዓት ይጠጋሉ።

ትኬቱ ሁልጊዜ ከእናንተ ስሌት የሚበልጠው ለምንድን ነው? ትኬት የሚቆጥረው አየር ላይ ያለውን ብቻ አይደለም። አውሮፕላኑ ቆሞበት ከነበረው ቦታ ከተንቀሳቀሰበት ደቂቃ ጀምሮ መድረሻው ላይ እስኪቆም ያለውን ሁሉ ነው። መንደርደሪያው ድረስ መሄዱ፣ ተራ መጠበቁ፣ ካረፈ በኋላ እስከ በሩ መጓዙ ይቆጠራል። ፓይለቱ በማይክሮፎን «የበረራ ጊዜያችን ይኼን ያህል ነው» ሲል ከትኬቱ ያነሰ ቁጥር የሚናገረው ለዚህ ነው። ፓይለቱ አልተሳሳተም፣ ትኬቱም አልዋሸም።

ለአገር ውስጥ ቀመሩን ትንሽ ቀይሩት። ብዙ ጊዜ የምትሳፈሩት ፕሮፔለር ያለው ኪው 400 ነው፤ ፍጥነቱ በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባሕር ዳር በዚህ ፍጥነት ብቻ ሲሰላ ሠላሳ ምናምን ደቂቃ ነው። ትኬቱ ግን አንድ ሰዓት ይላል። አጭር በረራ ላይ መሬት ላይ የሚያልፈው ጊዜ ድርሻው ትልቅ ነው።

አሁን ዋሽንግተን። 11,560 ለ850 ሲካፈል 13 ሰዓት ከ36 ደቂቃ፤ ግማሽ ሰዓት ሲጨመር 14 ሰዓት አለፍ ይላል። ትኬቱን ስታዩ ግን ሲሄድ 16 ሰዓት አልፎ፣ ሲመለስ ወደ 13 ሰዓት ወርዶ ታገኙታላችሁ። መንገዱ ያው ሆኖ ሳለ።

ለምን ሲሄድ ይረዝማል፣ ሲመለስ ያጥራል?

ደንበኞቼ በብዛት የሚጠይቁኝ ይኼንን ነው፤ አንዳንዱ «ምድር ስለምትዞር ነው» ብሎ ራሱ ይመልሳል። እሱ አይደለም። አየሩም ከምድር ጋር አብሮ ነው የሚዞረው። ምክንያቱ ሁለት ነው።

አንደኛው ነፋስ ነው። በሰሜኑ የዓለም ክፍል አሥር ኪሎ ሜትር ከፍታ አካባቢ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ፤ ጄት ስትሪም ይባላል። በተለይ በፈረንጆቹ ክረምት በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ይነፍሳል። ወደ አሜሪካ ስትሄዱ ከፊት ይመጣባችኋል፣ ስትመለሱ ከኋላ ይገፋችኋል። መንገዱ ሁሉ እዚህ ነፋስ ውስጥ አይደለም። ግን ነፋሱ በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ ሲሄድ 850፣ ሲመለስ 950 ይሆናል። 11,560ን ለሁለቱም አካፍሉት። የአንድ ሰዓት ከሃያ ምናምን ደቂቃ ልዩነት ይወጣል።

ሁለተኛው ቦሌ ራሱ ነው። ኤርፖርቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው ያለው። አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ የሚጎትተው አየር ይቀንሳል፣ ክንፉም የሚደገፍበት ያንሰዋል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ሙሉ ሰው፣ ሙሉ ሻንጣና ለአትላንቲክ የሚበቃ ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ነዳጁን ቀንሶ ይነሳና መንገድ ላይ ይሞላል። በተለያየ ጊዜ ሮም፣ ደብሊን ወይም ሎሜ ላይ ሲያርፍ የኖረው በዚህ ነው። ደለስ ደግሞ ወደ 95 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ነዳጁን ሞልቶ፣ ነፋስ ከኋላው ይዞ አንድ ጊዜ ቦሌ ይገባል።

ለማመን የሚቸገር ካለ ዱባይን ይይ። ከዱባይ ዋሽንግተን ወደ 11,350 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከእኛ ጋር እኩል ለማለት ጥቂት ነው የቀረው። ኤምሬትስ ግን ሲሄድም የትም ሳያርፍ ነው የሚሄደው፤ አሥራ አራት ሰዓት ገደማ። የዱባይ ኤርፖርት ባሕሩ አጠገብ፣ ከባሕር ወለል ሃያ ሜትር እንኳ በማይሞላ ከፍታ ላይ ነው ያለው።

ስለዚህ ሰዓት ስታሰሉ «ቀጥታ በረራ ነው» የሚለው ብቻ አያሳርፋችሁ። አውሮፕላን ሳይቀየር አንድ ቦታ ማረፍ ይኖራል። «መሀል ላይ ያርፋል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚያርፍ ከሆነ ለመውረዱ፣ ለነዳጁና ለመነሳቱ ሁለት ሰዓት ያህል ያዙለት። ለነዳጅ ሲሆን ብዙ ጊዜ ከወንበራችሁ አትነሱም። እግር የሚያብጥባቸው ትልልቅ ሰዎች ይኼን አስቀድመው ቢያውቁ ጥሩ ነው።

ትኬቱን ማንበብ

ትኬት ላይ ያሉት ሁለቱም ሰዓቶች የየከተማቸው ናቸው። መነሻው በአዲስ አበባ፣ መድረሻው በዋሽንግተን ሰዓት። ዝም ብሎ አንዱን ከአንዱ መቀነስ አይሆንም።

ለምሳሌ መነሻ 22:30፣ መድረሻ በማግስቱ 08:00 ይላል እንበል። አንዲት እናት «ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው፣ ቀላል ነው» ብለው ለልጃቸው በስልክ ሲነግሩ ሰምቻለሁ። «እማማ፣ ሰባት ሰዓት ይጨምሩበት» አልኳቸው። «ልጄ፣ ከየት አምጥተህ ነው የምትጨምረው?» ብለው ሳቁብኝ።

ዘዴው እንዲህ ነው። የመድረሻውን ሰዓት መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ ቀይሩት፣ ከዚያ ቀንሱ። በአሜሪካ በጋ ዋሽንግተን ከእኛ 7 ሰዓት ወደኋላ ናት። 08:00 ላይ 7 ሲደመር 15:00 ነው። ከ22:30 እስከ በማግስቱ 15:00 ስትቆጥሩ 16 ሰዓት ተኩል። ለእማማ በእኛ አቆጣጠር ነው ያስረዳኋቸው፦ ማታ አራት ተኩል ላይ ይነሳሉ፣ በማግስቱ እዚህ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይደርሳሉ። ያኔ ገባቸው፣ ጋቢም ጨመሩ።

ልዩነቱ ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም። እኛ ሰዓታችንን አንነካም፣ አሜሪካኖቹ ግን በማርች ሁለተኛ እሑድ ወደፊት፣ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ወደኋላ ያደርጉታል። ከኖቬምበር እስከ ማርች ልዩነቱ 8 ነው። አውሮፓ የሚቀይረው በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑዶች ስለሆነ በሁለቱ መካከል ያሉት ሳምንታት ግራ ያጋባሉ። እስራኤልም ትቀይራለች፤ በበጋቸው ከእኛ ጋር እኩል፣ በክረምታቸው አንድ ሰዓት ወደኋላ ናቸው። ገልፎቹ አይቀይሩም። ዱባይ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ትቀድመናለች፣ ሪያድና ጅዳ ከእኛ ጋር እኩል ናቸው።

ለዋሽንግተን ደግሞ ስልክ ለሚደዋወሉ ቤተሰቦች የምሰጣት አቋራጭ አለች። የእኛ ሰዓት ቆጠራ ከፈረንጁ በ6 ስለሚለይ በበጋቸው በዋሽንግተን ሰዓት ላይ አንድ ብትጨምሩ የአበሻውን ታገኛላችሁ። እዚያ ጠዋት 8 ሲሆን እዚህ ከቀኑ 9 ነው። እዚያ ማታ 10 ሲሆን እዚህ ከንጋቱ 11። በክረምታቸው ሁለት ጨምሩ።

አውሮፕላን የሚያስመልጠው ይኼ ነው

ሰው አውሮፕላን የሚያመልጠው በርቀት ስሌት አይደለም። በቀን ስሌት ነው። ትኬቱ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ ቀኑ የሚቀየረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ለእኛ ግን ሌሊቱ የትናንቱ ነው፣ እስኪነጋ።

ትኬቱ «ረቡዕ 01:30» ካለ በእኛ አነጋገር ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7 ተኩል ማለት ነው። ኤርፖርት የምትገቡት ማክሰኞ ማታ 4 ተኩል ላይ ነው። አንድ ደንበኛችን ጓዙን ጠቅልሎ፣ ዘመድ አዝማድ አስከትሎ ረቡዕ ማታ ቦሌ ሄደ። አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ00:00 እስከ 06:00 የሚነሳ ትኬት ስቆርጥ ወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ «ማክሰኞ ማታ ውጡ» ብዬ እጽፋለሁ። እናንተም ጻፉበት፣ ወይም ስልካችሁ ላይ ማንቂያ ሙሉ።

ሌላው 02:00 ነው። ከሌሊቱ 8 ማለት ነው። «ጠዋት 2 ሰዓት» ብሎ የሚያነብ ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። ጠዋት 2 ቢሆን ኖሮ 08:00 ይል ነበር።

ወሩም እንዲሁ። ማርች 10 መጋቢት 10 አይደለም፣ መጋቢት 1 ነው። በአማርኛ ቀን ለዘመድ ስትናገሩ ቀይራችሁ ተናገሩ።

ትራንዚት ካለ

ይኼኛው ቀላል ነው። የትራንዚት ከተማው ላይ የምትደርሱበትና የምትነሱበት ሰዓት የአንድ ከተማ ሰዓት ስለሆነ ዝም ብላችሁ ቀንሱ። ከሁለት ሰዓት በታች ከሆነና ሰውየው የመጀመሪያ ጉዞው ከሆነ እኔ ሌላ በረራ እፈልጋለሁ። አጠቃላዩን ለማወቅ ግን የእያንዳንዱን በረራ ሰዓት ለየብቻ እያሰላችሁ አትደምሩ፤ የመጨረሻውን መድረሻ ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ቀይራችሁ ከመጀመሪያው መነሻ ቀንሱ፣ አለቀ። በዱባይ በኩል ዋሽንግተን ስትሄዱ ሁለቱ ርቀቶች ሲደመሩ 13,870 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ። ከአጭሩ መስመር በ2,300 ይበልጣል። ዋጋው ረክሶ ካገኛችሁት ሰዓቱንም አብራችሁ መዝኑ።

ከቤት እስከ ቤት

አሁን ሙሉውን አስሉ። ለውጭ በረራ ቦሌ ከሦስት ሰዓት በፊት መድረስ ነው። ከሰሚት ወይም ከአያት የሚመጣ ሰው የማታውን መንገድ መዘጋጋት ያውቀዋል። ትኬቱ ላይ 16 ሰዓት ተኩል። ደለስ ላይ የኢሚግሬሽን ሰልፍና ሻንጣ፤ አንድ ሰዓት ከሆነ ጥሩ ነው፣ ሁለትም ይሆናል። ከደለስ እስከ ዋሽንግተን መሀል ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ሲደመር ሃያ አራት ሰዓት ይጠጋል። መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ሰዓታቸውን በዚህ ነው ማስላት ያለባቸው፣ በ16ቱ አይደለም። መድኃኒቱ ደግሞ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ውስጥ አይግባ።

ተቀባዩ ልጅ ከመድረሻው ሰዓት በፊት ኤርፖርት ሄዶ ፓርኪንግ እንዳይከፍል ንገሩት። ፍላይትራዳር24 የሚባለው የበረራ መከታተያ ድረ ገጽ ላይ የበረራ ቁጥሩን ያስገባ፤ የዋሽንግተኑ ኢቲ 500 ነው። አውሮፕላኑ የት እንደደረሰ፣ ባለፉት ቀናትም በስንት ሰዓት እንዳረፈ ያሳየዋል። ሁልጊዜ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ የሚገባ ከሆነ እዚያው ይታያል። ቤቱ ቨርጂኒያ ውስጥ ደለስ አካባቢ ከሆነ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ተነስቶ ይደርሳል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሆነ ግን ከማረፉ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ቢወጣ ይሻላል፣ ጠዋት መንገዱ ይጨናነቃል።